የተሰቀለ ቀፎ ብቻ የሚገዛው ሰው

ጋዜጠኛ ቁጥር ይፈራል የሚባለው ውሸት ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ጋዜጠኛ የውሎ አበሉን ሲያሰላ አይተው አያውቁም። የመኝታውን፣ የምሳውን፣ የመንገዱን ደምሮ፣ ግብሩን ቀንሶ፣ አዘጋጁ ሊሸራርፍበት የሚችለውንም ገምቶ፣ ሒሳብ ሹሙ ካልኩሌተሩን ከኪሱ ሳያወጣ ይጨርሳል። ጋዜጠኛ የሚፈራው የሌላው ሰው ገንዘብ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅን ነው። የዚያ ሰው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የእሱም ምሳ ነዋ።

ይህን የተረዳሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት መቱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ደወለልኝ። በኢሉባቦር ከተሞች ለሚሠሩ ጋዜጠኞች የገንዘብ ፍሰት በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ስላለው ተጽዕኖ የሦስት ቀን ሥልጠና ሊሰጥ አስቦ አሠልጣኝ አጥቷል። እኔን የመረጠኝ ጉዳዩን ስለማውቅ አልነበረም። መቱ ተወልጄ ስላደግሁ፣ ኦሮምኛ ስለምናገርና ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር እየተቃወምሁ በመጻፍ ስለምታወቅ ነው። «እርስዎ መጠርጠር ይችሉበታል» አለችኝ የደወለችው ልጅ። ሙገሳ መስሎኝ እሺ አልኋት።

የሥልጠናው ጽሑፍ ከውጭ የመጣ ነበር። ምሳሌዎቹ የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫዎች፣ ልትሰምጥ የደረሰች ደሴትና ስሟን ለመጥራት የሚያስቸግር ከተማ ውስጥ ያለ የአክሲዮን ገበያ ናቸው። መቱ ደግሞ ክረምቷ ላይ ነበረች። የሆቴሉ አዳራሽ ጣሪያ ቆርቆሮ በመሆኑ ስለ ድርቅ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ዝናቡ ድምፄን ዋጠው። ካልሲያቸው የረጠበ ሰዎችን ስለ ድርቅ ማስተማር ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋና ፕሮጀክተሩ ሞተ። ሥልጠናው በትክክል የተጀመረው ያኔ ነው።

ከሠልጣኞቹ መካከል ሦስቱን ዛሬም ከነድምፃቸው አስታውሳቸዋለሁ። አንዷ ከከተማዋ ትንሽ ራዲዮ ጣቢያ የመጣች የገበሬዎች ዝግጅት አዘጋጅ ናት። ያዮ በኩል ተወልዳ ያደገች፣ ስትስቅ አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ ዞር ብለው የሚያዩዋት ልጅ ነበረች። ሁለተኛው ከወረዳ ኮሙኒኬሽን ቢሮ የመጡ፣ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁሉም ሰው ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። ሦስተኛው የበደሌ የስፖርት ዘጋቢ ነው። ስፖርትና አየር ንብረትን ምን አገናኛቸው ብለው ሲያፌዙበት፣ «ሜዳው ጭቃ ሲሆን ጨዋታ የሚሰረዘው በእናንተ ቤት በምን ምክንያት ነው?» ይላል።

ጽሑፉን ዘጋሁና እንዲህ አልኋቸው፦ «በዚህ ዓመት ከሠራችሁት ዜና ውስጥ ገንዘብ ያለበትና ሰው ሁሉ የተደሰተበትን አንዱን ንገሩኝ። ከዚያ ገንዘቡ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ የት እንዳረፈ እንጠይቃለን።»

«ደስ ያለ ዜና ለምን ይመረመራል?» አሉ ጋሼ። «ያልከፋውን ሰው ማስከፋት ምን ይባላል?»

«ጋዜጠኝነት።»

«እኛ ቢሮ ሌላ ስም አለው» አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

የራዲዮዋ ልጅ እጇን አወጣች። «እኔ አለኝ መምህር፤ የቀፎ ዜና።» ነገሩ ይህ ነው። ከያዮ ወዲያ አንድ ትልቅ የቡና እርሻ ያለው ባለሀብት ከገበሬዎች ያረጀ የባህል ቀፎ በጥሩ ዋጋ መግዛት ጀምሯል። ቀፎ ማለት እዚያ አገር ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀል፣ እንደ በርሜል የተጠቀለለ፣ ሲያረጅ ለማገዶ እንኳ የማይመች ነገር ነው። ገበሬው ደስ አለው። እሷም ባለሀብቱን ለምን እንደሚገዛ ጠየቀችው፤ የባህል ቀፎ ሙዚየም ሊከፍት መሆኑን ነገራት። «እኔም 'ያረጀ ቀፎ ያላችሁ አድማጮች ዕድሉ እንዳያመልጣችሁ' ብዬ ዘጋሁ» አለች።

«ይኼ ሰውዬ ምን ነክቶታል?» አለ የስፖርቱ ዘጋቢ። «ማሩን ትቶ ቀፎውን ሊበላ ነው?»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ባለሀብቱ ቀፎዎቹን ለአውሮፓ ሆቴሎች ጌጥ አድርጎ ሊልክ እንደሚችል፣ የውጭ ምንዛሬ ረሃብ ነጋዴን ወዴት እንደሚገፋው፣ ድሃ አገር ኋላ ቀርነቱን አሽጎ እንዴት እንደሚሸጥ አብራራሁ። አንድ ሐሳብ ሲያምርብኝ ማቆሚያ የለኝም። ሁሉም ጻፉ። እስከ ዛሬ ድረስ ኖፓ ወረዳ ውስጥ ይህን ትንታኔዬን የሚጠቅስ ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ ካገኛችሁት ስህተት መሆኑን ንገሩልኝ።

በማግስቱ ልጅቱ ስትገባ ሳቋ አልተሰማም። ማታ ለአጎቷ፣ ለእናቷ ወንድም፣ ደውላ ነበር። ጥያቄዬን በደንብ ጠይቃቸዋለች፦ ሰውየው የሚገዛው ምን ዓይነቱን ነው?

«ደጄ ላይ አዲስ ቀፎ አለኝ፤ እሱን ውሰድ ስለው መሬት ላይ ያለ አልፈልግም አለኝ ነው የሚሉኝ» አለች። «የሚፈልገው ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ብቻ ነው። አሮጌም ይሁን፣ ንብ የሌለውም ይሁን፣ መሰቀሉን ብቻ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሊከፍላቸው ነው፤ አጎቴንና ጎረቤቶቹን።»

ከዚያ የስፖርቱ ዘጋቢ ጠረጴዛውን በእጁ መታ። «ዛፉን ነው! ቀፎ አይደለም እኮ የሚገዛው፤ ዛፉን ነው!»

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በዚያ ጫካ ዛፍ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በላዩ በተሰቀለው ቀፎ ነው። ሕጉ ደኑ የመንግሥት ነው ይላል፤ ይበል። ቀፎ የተሰቀለበት ዋንዛ ላይ መጥረቢያ ያነሣ ሰው ግን ከባለ ቀፎው፣ ከልጆቹና ከአገር ሽማግሌ ጋር ተጣልቶ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው የኖሩት ማንም ስለ ደን ጥበቃ ንግግር ስላደረገ ሳይሆን ባለቤት ስላላቸው ነው። ቀፎውን ሸጦ ያወረደ ሰው ዛፉን ለቀቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ዛፍ የሚናገርለት የለም። ሰውየው የቀረሮና የዋንዛ ጫካ እየገዛ የነበረው በአሮጌ ቀፎ ዋጋ ነው።

ሁላችንም እዚያው አገር ያደግን ነን፤ ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር። ማንም ግን ከዜናው ጋር አላገናኘውም። ዜናው ደስ የሚል ነበራ።

«መምህር» አለ የስፖርቱ ዘጋቢ፣ «የአውሮፓ ሆቴሎቹስ?»

«በእረፍት ሰዓት ከደብተራችሁ ይሰረዛሉ» አልሁት።

ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ለሰውየው ገንዘቡን የሚሰጠው ማነው? ሄደን እንይ ተባባልን። ጋሼ ስልካቸውን አወጡ። «ለባለሀብቱ ልደውልለት? መኪና ይልክልናል። ምሳም አይቀርም።»

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። የሥራው ወግ ይህ ስለሆነ ነው። ቢሮው መኪና የለውም፤ መኪና ያለው ጋዜጠኛውን ይጠራል፣ ያጓጉዛል፣ ያበላል፣ ይመልሳል። ጋዜጠኛውም በመኪናው መስኮት የታየውን ይዘግባል። መኪናው የማይገባበት ቦታ ዜና የለም።

«ጋሼ፣ በእሱ መኪና ሄደን፣ የእሱን ምሳ በልተን፣ እሱ የቆረጠውን ግንድ ልናይ ነው?» አለች ልጅቱ።

«ታዲያ በእግር ልንሄድ ነው?»

«በሚኒባስ።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሚኒባስ!» አሉ፤ ግን ከሁላችንም ቀድመው የፊቱን ወንበር ያዙ። በጆንያ መካከል ተጨናንቀን፣ መንገዱ ሲያነሣን ሲጥለን፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን ሄድን። ያ በቆሎ በሥልጠናው በጀት ውስጥ ያልነበረ ብቸኛው ምሳ ነው፤ ከሁሉም የሚጣፍጠውም እሱ ነበር።

እኔ ለዚህ ቀን ከባድ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ የተደበቀ መረጃ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ምንጭ እንዴት እንደሚጠበቅ። አንዱም አላስፈለገም። እርሻው በር ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ የሰው ቁመት የሚያህል ታፔላ ቆሟል። በኦሮምኛም በአማርኛም «ለአየር ንብረት ተስማሚ የቡና ልማት» ይላል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሏል፤ ከቅጠሉ ሥር ደን ለሚጠብቅ ልማት ብድር የሰጠው ባንክ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከታፔላው ጀርባ ጭቃው ውስጥ አዲስ የተቆረጡ ጉቶዎች ተደርድረዋል፤ የአንዳንዱ ቁራጭ ገና እርጥብ ነው። በየመካከላቸው ጥላ የሌላቸው የቡና ችግኞች በመስመር ተተክለዋል። ደኑን ለማዳን የተሰጠ ብድር ነው እንግዲህ ቀፎ የሚገዛው።

የስፖርቱ ዘጋቢ ታፔላውን ጮክ ብሎ አነበበ። «ይኼ እዚህ ሲቆም ማንም አላየም?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሲመረቅ እኔ ነበርሁ። ፎቶም አንስቻለሁ።»

«እና?»

«ምሳው ጥሩ ነበር።»

ልጅቱ የዚያን ቀን የመጀመሪያ ሳቋን ያን ጊዜ ለቀቀችው፤ እኛም ተከተልናት። ጋሼም ሳቁ፤ ግን ከጉቶዎቹ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

ከዚያ ወደ አጎቷ ቤት አለፍን። ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ሁሉን ነገር በድርድር የሚያይ ሰውዬ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ያለው የጫካ ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ጅረት ያጠጣዋል፤ ሄዶ ሄዶ ሶር ወንዝ የሚገባ ጅረት ነው። ቀፎዎቻቸው ከሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው እንደ ጡጫ ያንሳሉ። ልጅቱ ገና ከመቀመጧ፣ «ኤሱማ፣ ቀፎውን እንዳይሸጡ» አለች። የእናቷ ወንድም ስለሆኑ በኦሮምኛ የምትጠራቸው እንዲህ ነው።

«ሽጡ ያልሽው አንቺ» አሉ። «አሁን አትሽጡ የምትዪውም አንቺ። የትኛዋን ልስማ?»

«የዛሬዋን።»

«የፊተኛዋ በራዲዮ ነው የተናገረችው፤ አገር ሰምቷታል። የዛሬዋ እቤቴ ገብታ ነው የምታንሾካሹክብኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ማን ነገረኝ ልበል? የእህቴ ልጅ በጆሮዬ?»

«ዛፎቹ ሲቆረጡ ጅረቱም ይደርቃል። ቡናው ጥላ ያጣል። ዝናቡ እንኳ እንደ ድሮው በቀኑ አይመጣም ብለው የለ?»

«እሱን አውቃለሁ። ሞተር ሳይክል ደግሞ እፈልጋለሁ። ሁለቱንም ማወቅ ይቻላል።» ወደ እኛ ዞሩ። «ጎረቤቶቼ እኔን ነው የሚያዩት። እኔ ከሸጥሁ ይሸጣሉ። ዝግጅትሽ ቅዳሜ ጠዋት አይደል? ገበያው ከመቆሙ በፊት? የፊተኛዋን ልጅ በራዲዮ ካስተባበልሻት አልሸጥም። ዝም ካልሽ እሸጥና በሞተሩ ለሠርግሽ እመጣለሁ።»

እንግዲህ በእጃችን የነበረው ዓርብ ብቻ ነው። ሦስተኛውን የሥልጠና ቀን የሚመለከተውን ምዕራፍ ማንም አላነሣውም፤ ስለ ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። አዳራሹ የዜና ክፍል ሆነ። ልጅቱ ለባለሀብቱ ደወለች። ዛፎቹ አርጅተዋል፣ ጥላው በዝቷል፣ ሙዚየሙም በዕቅድ ላይ ነው አላት። ቀፎዎቹ የት እንደተቀመጡ ስትጠይቀው ስብሰባ እገባለሁ ብሎ ዘጋ።

እኔ ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ደወልሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያቀባብሉኝ ቆይተው አንድ ትሑት ድምፅ አገኘሁ። «የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ ልንናገር አንችልም» አለኝ። «እርስዎ ሒሳብ አለዎት ከእኛ ጋር?»

«አለኝ።» እውነቴን ነው፤ ደመወዜ የሚገባው እዚያ ነው።

«እንግዲያው የእርስዎንም ምስጢር እንጠብቃለን።»

ጋሼ ኮሪደር ወጥተው ከአለቃቸው ጋር ቆይተው ሲመለሱ የመንግሥትን ምላሽ ይዘው መጡ፤ ቆመው አነበቡልን። «ጉዳዩን እናጣራለን።»

«ጋሼ፣ ይህ መግለጫ ነው ጸሎት?» አለ የስፖርቱ ዘጋቢ።

ጽሑፉ ሊያልቅ ሲል ልጅቱ ብዕሯን አስቀመጠች። «አንድ ነገር አልነገርኋችሁም» አለች። «ዝግጅቴን ስፖንሰር የሚያደርገው እሱ ነው።»

እኔ ስለ ነፃ ፕሬስ የምለው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ደግነቱ ጋሼ ቀደሙኝ።

«እኔ ምሳውን በልቼ ዝም አልሁ» አሉ። «አንቺ ደግሞ ስፖንሰሩን በልተሽ ተናገሪ። ቢያንስ አንዳችን እንለይ እንጂ።»

«ከዝግጅቴ ቢያነሱኝስ?»

«የት ይወስዱሻል?»

«የሞት ማስታወቂያ አንባቢ ያደርጉኛል።»

«እሱ አድማጭ አያጣም» አለ የስፖርቱ ዘጋቢ።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሰማኋት። የሱቁ ባለቤት ስኳር እየመዘነ ራዲዮውን ከፍ አደረገልኝ። መጀመሪያ ሙዚቃ መጣ፤ ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ ይህን ዝግጅት ስፖንሰር ያደረገው እገሌ የቡና እርሻ ነው፣ ለአየር ንብረት ተስማሚ፣ ለገበሬው አለኝታ አለ። የተከፈለበት ማስታወቂያ ስለሆነ ማንም ሊያወጣው አልደፈረም። ወዲያው እሷ ገባች፤ በኦሮምኛ።

«ያረጀ ቀፎ ያላችሁ ዕድሉ እንዳያመልጣችሁ ያልኋችሁ እኔ ነኝ» አለች። «ዕድሉ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም ነበር። አሁን ጠይቄያለሁ።» ከዚያ የተሰቀለው ቀፎ ለምን እንደሚፈለግ፣ ታፔላው ምን እንደሚል፣ ከጀርባው ምን እንዳለ፣ ባለሀብቱ ምን እንደመለሰ፣ ባንኩ ምን እንዳልመለሰ ተናገረች። አልጮኸችም፤ የዘር ወቅት እንደምታስታውቅ ነው የተናገረችው።

ባለ ሱቁ የስኳሩን ሚዛን ረስቶ ቆመ። «አላህ ያሳይህ!» አለኝ። «በገዛ ገንዘቡ አሰደበችው እኮ! አሁን መልሱልኝ ይላል?»

እኩለ ቀን ላይ፣ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መንገድ ላይ ሳለሁ ደወለችልኝ፤ ሳቋ ከስልኩ አልፎ ሚኒባሱን ሞላው። ገዢው ገበያ መጥቶ ነበር። አጎቷ በጎረቤቶቻቸው ፊት፣ «ለሙዚየሙ ከሆነ ጎብኚዎችህን ይዘህ ና፤ እኔው ዛፉ ሥር ቆሜ አስጎበኝልሃለሁ» አሉት። ማንም አልሸጠም። ሞተር ሳይክሉ ቀረ፤ አጎቷ ለዚህ እስከ ዛሬ እኔን ነው የሚከሱት።

ደኑ ዳነ አልላችሁም። የተቆረጠው ተቆርጧል፤ ጉቶ በራዲዮ አይበቅልም። ልጅቱም የሞት ማስታወቂያ ላይ ለትንሽ ጊዜ ተቀምጣለች። በኋላ ግን ወደ ዝግጅቷ መለሷት፤ አሁን ስፖንሰሯ የሳሙና ነጋዴ ነው፤ ውል ሳትፈርም በፊት ሳሙናው ከየት እንደሚመጣ ጠይቃዋለች አሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ጋሼ ደወሉልኝ። መቁረጡ ቆሟል፤ ታፔላውም ተነሥቷል አሉኝ። ሲነሣ ቢሯቸው ተጠርቶ ነበር።

«ምሳ ነበረ?» አልኋቸው።

«አልነበረም» አሉ። «የምር ነው ማለት ነው።»

እኔ አዲስ አበባ እንደተመለስሁ ሒሳቤ ወዳለበት የባንኩ ቅርንጫፍ ሄድሁ። ከታፔላው ላይ ስሙን ያነበብሁት ያው ባንክ። መስኮቱ ላይ ለነበረችው ልጅ፣ እኔ እዚህ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ለማን በብድር እንደተሰጠና ምን እንደተሠራበት ማወቅ እፈልጋለሁ አልኋት። ማውጣት የፈለግሁ መሰላት፤ ከዚያ ማስገባት የፈለግሁ መሰላት። በመጨረሻ ሲገባት ከልቧ ሳቀች። «ጌታዬ፣ ይህን የጠየቀን ሰው እኮ የለም» አለችኝ።

ችግሩ እሱ ነው። ያዮ ጫካ ውስጥ መጥረቢያ ሲነሣ በእጀታው ላይ የእኔም ደመወዝ ነበረበት፤ የእናንተም ሳይኖርበት አይቀርም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ወደዳችሁትም አልወደዳችሁትም አትንገሩኝ። ነገ ጠዋት ሒሳብ ያላችሁበት ባንክ ሂዱ፤ ወረፋ ያዙ፤ መስኮቱ ላይ ስትደርሱ «በገንዘቤ ምን ሠራችሁበት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ እስክታገኙ ድረስም ከመስኮቱ አትነሡ።